ዘጠኝ ባይት ሰላም፦ ለተራ ጽሑፍና ለድረ ገጽ ነፃ ሶፍትዌር ስለ መምረጥ

የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት፤ ለሐምዳይትና ለምሥራቅ ሱዳን ድንበር አድማጮች

(የመግቢያ ዜማ፤ ዜማው ዝቅ ሲል ንባቡ ይጀምራል)

በአማርኛ «ነፃ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ «መድኃኒቱ በነፃ ይታደላል» ሲባል ዋጋ አይከፈልበትም ማለት ሲሆን፣ «ነፃ ወጣ» ሲባል ግን ከሌላ ሰው ሥልጣን ተላቀቀ ማለት ነው። በኮምፒውተርና በስልክ ስለሚሠሩ ፕሮግራሞች፣ በጋራ ስማቸው ሶፍትዌር ስለሚባሉት፣ ሲነገር እነዚህ ሁለት ትርጉሞች ተለይተው ካልታዩ ምርጫው ይበላሻል፤ ገንዘብ የማይጠየቅበት ፕሮግራም ሁሉ ነፃ አይደለምና። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ የፕሮግራም ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1983 የጂኤንዩን ፕሮጀክት ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ ነፃ ሶፍትዌር የሚለው ስም የሚሰጠው ማንም ሰው ለፈለገው ሥራ ሊያውለው፣ አሠራሩን ከፍቶ ሊመረምርና ሊያሻሽለው፣ ገልብጦ ለጎረቤቱ ሊሰጠው፣ ያሻሻለውንም መልሶ ሊያሠራጨው ለሚፈቀድለት ፕሮግራም ነው። የዚህ ዝግጅት ጉዳይ ከእነዚህ መካከል ተራ ጽሑፍንና ድረ ገጽን ለመጻፍና ለማረም የሚያገለግሉት ናቸው።

ተራ ጽሑፍ የሚባለው ፊደል፣ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ብቻ ያለበት፣ ቀለም፣ የፊደል መጠን ወይም ሥዕል የማይቀመጥበት ፋይል ነው። በዎርድ የተጻፈ ደብዳቤ ምንም እንኳ ሁለት መስመር ብቻ ቢሆን ተራ ጽሑፍ አይባልም፤ ከፊደሉ ጋር የገጹን አቀማመጥ የሚናገር ብዙ የተደበቀ ነገር ይዟልና። በአንጻሩ ድረ ገጽ፣ በማሳያው ላይ ቀለምና ሥዕል ቢታይበትም፣ ውስጡ ሲከፈት ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኤችቲኤምኤል በሚባለው ሥርዓት ርእሱ የቱ፣ አንቀጹ የቱ እንደ ሆነ የሚናገሩ ምልክቶች በጽሑፉ መካከል ይገባሉ፣ ብራውዘር የሚባለው የድረ ገጽ መክፈቻም እነሱን እያነበበ ገጹን ያበጃል። ስለዚህ ተራ ጽሑፍን በትክክል የሚጽፍ ፕሮግራም የያዘ ሰው ድረ ገጽ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዋናው መሣሪያ በእጁ ነው።

የትኛው ፕሮግራም እንደሚሻል ግን እንደ ቦታው ይለያያል። ሐምዳይት በሱዳን ከሰላ ክፍለ ግዛት፣ ኢትዮጵያውያን ተከዜ፣ ሱዳናውያን ሰቲት በሚሉት ወንዝ አጠገብ የምትገኝ፣ ከሑመራም ብዙ የማትርቅ የድንበር ከተማ ናት። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ የተነሣውን ጦርነት ሸሽተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ከተሻገሩት ከ60 ሺሕ በላይ ሰዎች ብዙዎቹ የገቡት በእርሷ በኩል ሲሆን፣ ከዚያም በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት ወደሚገኙት ኡም ራኩባና ቱነይድባ መጠለያዎች ተወስደዋል። በዚህ አካባቢ አንድ ማስታወቂያ በአማርኛ፣ በትግርኛና በዓረብኛ ካልተጻፈ ለሁሉም አይደርስም፤ መብራት በሶላር ከሆነ ሰዓቱ የተቆጠረ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከተገኘ አሮጌ ነው፤ መረቡም ይመጣል፣ ይጠፋል። በአንድ ትልቅ ከተማ ቢሮ ለተቀመጠ ሰው «ምርጥ» የሆነው ፕሮግራም እዚህ ላይረባ የሚችለው ስለዚህ ነው።

የነፃነት ሁለተኛው ትርጉም ለዚህ አካባቢ ምን ያህል ተጨባጭ እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ዶን ሆ በተባለ ፕሮግራመር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፕሮግራሙ ይወርድ የነበረው ሶርስፎርጅ ከተባለው፣ መቀመጫው አሜሪካ ከሆነው ማከማቻ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከ1997 ጀምሮ በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥሎ ስለ ነበር፣ በጃንዋሪ 2010 ይህ ማከማቻ ከኩባ፣ ከኢራን፣ ከሰሜን ኮርያ፣ ከሱዳንና ከሶርያ ለሚመጡ ተጠቃሚዎች በሩን ዘጋ። ይህ ማለት በገዳሪፍ ወይም በከሰላ የተቀመጠ ተማሪ፣ ዋጋ የማይጠየቅበትን፣ ለማንም እንዲታደል በሕግ የተፈቀደን ፕሮግራም፣ የኮምፒውተሩ አድራሻ ሱዳናዊ በመሆኑ ብቻ ከዚያ ማውረድ አይችልም ማለት ነበር። ማከማቻው በሚቀጥለው ወር ውሳኔውን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ባለቤት ቢተውም፣ የኖትፓድ ፕላስ ፕላስ አዘጋጅ እገዳውን ከነፃ ሶፍትዌር መንፈስ ጋር የሚጋጭ ሆኖ ስላገኘው በጁን 2010 አዲሱን እትም ፈረንሳይ ውስጥ ባለው ተክስፋሚሊ በተባለ ማከማቻ አወጣ። ማዕቀቡ ራሱ የተነሣው በኦክቶበር 2017 ነው። አንድ የጽሑፍ ማረሚያ ሱዳን በተቀመጠችበት ዝርዝር ምክንያት ቤቱን መልቀቁ በዚህ ድንበር ብዙ ጊዜ የማይነገር፣ ግን ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

ከታሪኩ የሚወጣው መመዘኛ ቀላል ነው፦ ፕሮግራሙን አንድ ሰው ካወረደው በኋላ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ የወጣ ፕሮግራም፣ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስም አንዱ ነው፣ መገልበጡ በግልጽ የተፈቀደ ነው። በተጨማሪም ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ሳይጫን በቀጥታ ከፍላሽ ላይ የሚነሣ እትም አለው፤ መጠኑም ከ10 ሜጋባይት ስለማይበልጥ በደካማ መስመር እንኳ ሊወርድ ይችላል። በዓለም ላይ በጣም የተስፋፋው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ደግሞ የተለየ ነገር ያሳያል፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ይህ ፕሮግራም ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉት የመጀመሪያው ጽሑፍ፣ በነፃ ፈቃድ የተሰጠ ቢሆንም፣ ተዘጋጅቶ የሚወርደው እትም ግን በኩባንያው የራሱ ፈቃድ ሥር ነው፣ የአጠቃቀም መረጃም ወደ ኩባንያው ይልካል። ያንኑ ሶርስ ኮድ ያለ ኩባንያው ተጨማሪ ነገር አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ቪኤስኮዲየም ይባላል። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም፤ ነፃ የሚለው ስም በሙሉ ልብ የሚሰጠው ግን ለሁለተኛው ነው። ይሁንና ሁለቱም ከባድ ናቸው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያዘግማሉ፣ የሶላር ባትሪም በቶሎ ይጨርሳሉ።

(አጭር ዜማ)

ከፈቃዱ ቀጥሎ የሚመጣው የፊደል ጉዳይ ነው፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ዋናው ፈተናም ይኸው ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር የመወከል ሥርዓት ኢንኮዲንግ ይባላል። ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው፣ ዩኒኮድ የተባለው የጋራ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዘመን፣ በአንድ ፎንት፣ ማለትም በአንድ የፊደል ቅርጾች ስብስብ፣ ውስጥ የሚገኘው ቦታ 256 ብቻ ስለ ነበርና የላቲኑ ፊደልም ከዚያ ድርሻ ስለ ነበረው፣ የአማርኛ ፎንት ሠሪዎች የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁጥሮች ላይ እየተከሉ፣ አንዳንዴም አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ እየገጣጠሙ ይሠሩ ነበር። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች ለረጅም ዘመን ያገለገሉት በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ይሆናል። በሴፕቴምበር 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን ያካተተ የራሱን ቦታ ከሰጠው ወዲህ ግን ሀ በየትኛውም ኮምፒውተር ሀ ነው።

ዩኒኮድ ለፊደሉ ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር በፋይል ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ደግሞ ዩቲኤፍ-8 የተባለው ስልት ነው። ባይት የፋይል መጠን የሚለካበት ትንሽ አሐድ ሲሆን፣ በዚህ ስልት አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት፣ አንድ የዓረብኛ ፊደል ሁለት ባይት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በድንበሩ በሁለቱም ወገን የሚታወቀው «ሰላም» የሚለው ቃል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በአማርኛና በትግርኛ ሦስት ፊደል ስለሆነ 9 ባይት ይሆናል፤ በዓረብኛ ሲን፣ ላም፣ አሊፍና ሚም ተብለው በሚጠሩ አራት ፊደሎች ስለሚጻፍ 8 ባይት ነው። በአማርኛው ፋይል ውስጥ የሚቀመጡት ቁጥሮች ለሰ 225፣ 136 እና 176፣ ለላ 225፣ 136 እና 139፣ ለም 225፣ 136 እና 157 ናቸው። ሦስቱም በ225 መጀመራቸው ድንገት አይደለም፤ ከሀ እስከ ፐ ያለው የተለመደው ፊደል በሙሉ በዚህ ቁጥር ይጀምራል።

ይህ ደረቅ የሚመስል ነገር በሥራ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። 225 በአሮጌው የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ ኤ የተባለው የላቲን ፊደል በራሱ ላይ ጭረት የተደረገበት ምልክት ነው። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሲከፈት ባለጭረቷ ኤ በየሦስተኛው ቦታ እየተደጋገመች ከታየች፣ ጽሑፉ ደኅና ነው፣ የተሳሳተው አከፋፈቱ ነው፤ ኢንኮዲንግ በሚለው ሜኑ ዩቲኤፍ-8 ሲመረጥ ፊደሉ ተመልሶ ይመጣል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ የሚሆነው ፋይሉ ግዕዝን በማያውቅ ኢንኮዲንግ ሲቀመጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፊደል በአንድ የጥያቄ ምልክት ስለሚተካ ምን እንደ ነበረ የሚናገር ምንም ምልክት አይተርፍም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ተራው ኖትፓድ እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ድረስ፣ ካልተነገረው በቀር፣ አንሲ በተባለ አሮጌ ኢንኮዲንግ ያስቀምጥ ነበር፤ ፊደሉ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፣ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳያነብ እሺ የሚለው ብዙ ነው። በዊንዶውስ 10 የ1903 እትም ዩቲኤፍ-8 ዋናው ምርጫ ሆነ። አሮጌ ኮምፒውተር በበዛበት አካባቢ ግን አሮጌው ኖትፓድ ዛሬም በሥራ ላይ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ለድረ ገጽ ደግሞ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 መቀመጡ ብቻውን አይበቃም፤ በገጹ ራስ ላይ፣ ከመጀመሪያዎቹ 1,024 ባይቶች ሳያልፍ፣ ቻርሴት በሚባለው መግለጫ ይኸው መነገር አለበት። እንዲሁም ላንግ በሚባለው ምልክት የአማርኛው ክፍል አማርኛ፣ የትግርኛው ትግርኛ መሆኑ ይመዘገባል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ ማሽን በራሱ አይለያቸውም። የዓረብኛው ክፍል ከቀኝ ወደ ግራ መነበቡ ዲር በሚባለው ምልክት ይገለጻል። በገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ በቀንጣር፣ ማሽላ በአርደብ ሲሸጥ በሑመራ በኩል ኩንታል ስለሚነገር፣ የዋጋ ማስታወቂያ በሦስት ቋንቋ የሚያዘጋጅ ሰው ቁጥሩንና መለኪያውን ከሁለት አቅጣጫ ጽሑፍ ጋር ማዋሐድ ግድ ይሆንበታል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ገጹን በሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ ማዞር ይችላል፤ ግዕዝና ዓረብኛ በአንድ መስመር ሲደባለቁ ግን ጠቋሚው የሚታይበት ቦታና ፊደሉ የሚገባበት ቦታ ላይገጥሙ ይችላሉ። መፍትሔው ዓረብኛውን ለብቻው በራሱ መስመር ማስቀመጥ ነው። ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሥርዓተ ክወና ላይ የሚሠራው ኬት ይህን ድብልቅ በተሻለ ሁኔታ ይይዛል።

ኢማክስ የተባለው የስቶልማን ማረሚያም እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 24ኛ እትሙ ጀምሮ የሁለት አቅጣጫ ጽሑፍን ያውቃል፤ ከአማርኛ ጋር ያለው ዝምድና ግን ከዚያ ይቀድማል። ዩኒኮድ ለግዕዝ ቦታ ሳይሰጥ በፊት፣ በ1990ዎቹ፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደል በላቲን ኪቦርድ ለመወከል ባወጡት ስልት ኢማክስ አማርኛ ይጽፍ ነበር። የስልቱ ስም በምሕጻረ ቃል ሴራ ነው፤ በአማርኛ ጆሮ ክፉ ቢመስልም ሥራው ደግ ነበር። ዛሬም ኢማክስ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሰላምታ የሚያሳይበት ፋይሉ ሲከፈት አማርኛ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ይገኛል፤ ሰላምታውም በንጉሡ ሠ የተጻፈ «ሠላም» ነው። ቪም የተባለው ሌላ ማረሚያ ደግሞ ሲከፈት በኡጋንዳ ላሉ ችግረኛ ሕፃናት እርዳታ የሚጠይቅ መስመር ያሳያል፤ በ1991 ያወጣው ሆላንዳዊው ብራም ሞለናር ገንዘብ መክፈል የሚፈልግ ሰው ለእነዚያ ሕፃናት እንዲሰጥ ጠይቆ፣ በኦገስት 2023 እስኪያርፍ ድረስ በዚያው ጸንቷል። ሁለቱም ብርቱ መሣሪያዎች ናቸው፣ በጣም ደካማ ኮምፒውተር ላይም ይሠራሉ፤ ለጀማሪ ግን አይመከሩም፤ ከቪም ለመውጣት እንኳ ትምህርት ያስፈልጋል።

ምልክቶቹን ሳያሳዩ ገጹን እንደ ዎርድ የሚያስጽፉ ነፃ ፕሮግራሞችም ነበሩ። ኤንቪዩ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ፣ ከእርሱም ኮምፖዘር ተወለደ፤ ኮምፖዘር ግን ከ2010 ወዲህ አዲስ እትም አላገኘም። እነዚህን ይዞ መጀመር ዛሬ የሚመከር አይደለም። የትልልቅ ኩባንያ ድጋፍም ዋስትና አይሆንም፦ አዶቤ ብራኬትስ ለተባለው ማረሚያው ድጋፍ መስጠቱን በሴፕቴምበር 2021 አቆመ፤ አቶም የተባለውም በዲሴምበር 2022 ተዘጋ። ሆኖም ሶርስ ኮዳቸው ክፍት ስለ ነበር የአቶም ተጠቃሚዎች ፑልሳር በሚል ስም ሥራውን ቀጥለውታል። የተጻፈው ጽሑፍ ደግሞ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ ማረሚያው ቢዘጋ ምንም አልጎደለበትም፤ በሌላው ይከፈታል።

(አጭር ዜማ)

የሐምዳይት ስም ራሱ የጽሑፍ ማረሚያን ብቃት ለመፈተን ይጠቅማል። አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ወይም በራብዑ ሃ ይጽፈዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ሐ በአማርኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ስለማያውቅ አንዱን ፈልግ ሲባል ሌላውን ያልፈዋል። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባለው የፍለጋ ስልት ይህን ይፈታል፤ በማእዘን ቅንፍ ውስጥ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ተደርድረው ከቅንፉ ውጭ «ምዳይት» ሲጻፍ፣ ፍለጋው ከስድስቱ በአንዱ የሚጀምረውን ሁሉ ያወጣል። ይህ ስልት በተራው ኖትፓድ የለም፤ በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ፣ በኬት፣ በቪምና በኢማክስ አለ። አራት ነጥብ በመምታት ፋንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ የመምታት ልማድም በዚሁ ሊታረም ይችላል፤ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለማሽን ግን የተለያዩ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ፈልጎ መተካት መቶ ገጽ ያጸዳል።

ኮምፒውተር ለሌለው ሰው በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራ ማርኮር የተባለ ነፃ ማረሚያ አለ። ኤፍድሮይድ በተባለው የነፃ ፕሮግራሞች ማከማቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ይህ ማከማቻ አንዱ ስልክ ለሌላው ያለ ኢንተርኔት ፕሮግራም የሚያሻግርበት መንገድ ስላለው መስመር በጠፋ ቀን ይጠቅማል። ለመጻፍ ደግሞ ኪይማን የተባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛና የትግርኛ ኪቦርድ በኮምፒውተርም በስልክም ይሰጣል። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ ተራ ጽሑፍ ቁልፍ የለውም፣ ፍላሹን ያገኘ ሁሉ ያነበዋል። የተሻጋሪዎችን ስም፣ የመጡበትን ቀበሌና ስልክ የያዘ ዝርዝር በዚህ መልክ ከእጅ ወደ እጅ መዞር፣ ይልቁንም በድረ ገጽ መውጣት የለበትም።

የመረጡት ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ብቁ መሆኑን ለማወቅ የሚያስፈልገው ፈተና ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። አዲስ ፋይል ተከፍቶ «ሰላም» ብቻ ይጻፋል፤ ከቃሉ በኋላ ክፍት ቦታም አዲስ መስመርም አይጨመርም። ፋይሉ ከተቀመጠና ከተዘጋ በኋላ መጠኑ ይታያል። 9 ባይት ከሆነ ሁሉም በትክክል ተቀምጧል። 12 ባይት ከሆነ ፕሮግራሙ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባል ሦስት ባይት የማይታይ ምልክት ጨምሯል፤ ለተራ ጽሑፍ ጉዳት የለውም፣ በአንዳንድ ድረ ገጾች ላይ ግን ችግር ስለሚፈጥር ያለ ቦም የሚለው ምርጫ ይወሰዳል። 8 ባይት ከሆነ ዩቲኤፍ-16 በተባለው ሌላ ስልት ተቀምጧል፤ ፊደሉ አልጠፋም፣ ወደ ዩቲኤፍ-8 መለወጥ ብቻ ያስፈልገዋል። 3 ባይት ከሆነ ግን በፋይሉ ውስጥ ያሉት ሦስት የጥያቄ ምልክቶች ናቸው፤ ያ ፕሮግራም ኢንኮዲንጉ እስኪስተካከል ድረስ ሌላ አማርኛ አይጻፍበትም።

(የመዝጊያ ዜማ)